ጥሬ የሬዲዮ ቅጂ ስሙ ስለተቀየረ ድምፅ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በሐዋሳ የሬዲዮ ስርጭትን በላፕቶፕና በትንሽ ዶንግል፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ መቀበያ፣ የሚቀዱ ተማሪዎችና የባህል አጥኚዎች አሉ። አንዱ በፊቼ ጫምባላላ ዕለት የሚተላለፈውን ዝግጅት ለማስቀረት፣ ሌላው የሲዳምኛና የአማርኛ ንግግር ለጥናቱ ለማከማቸት ይቀዳል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፋይል ግን ብዙ ጊዜ በየትኛውም ስልክ አይከፈትም። ከዚያ አንድ ብልጥ የፋይሉን ቅጥያ ወደ «ዌቭ»፣ ወደ ተለመደው የድምፅ ፋይል ዓይነት፣ ይቀይረዋል፤ ወይ ጨርሶ አይከፈትም፣ ወይ የሚሰማው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ተበላሽቷል ተብሎ ይደመሰሳል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። ወደ ድምፅ የሚወስደውን መንገድ ከነቁጥሩ ለአንባቢዎቻችሁ እናስቀምጥ።

ሶፍትዌር ሬዲዮ፣ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኤስዲአር የሚሉት፣ የሚቀዳው የጋዜጠኛውን ድምፅ ሳይሆን ገና ያልተፈታውን ሞገድ ነው። በብዛት የሚገኘው ርካሽ ዶንግል ለዲጂታል ቴሌቪዥን የተሠራ ዕቃ ነው፤ በውስጡ ያለው አርቲኤል 2832ዩ ቺፕ ሞገዱን ሳይፈታ ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቺፑ ለእያንዳንዱ ናሙና፣ ማለትም ሞገዱን በለካ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ «አይ»፣ ሌላው «ኪው» ይባላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሞገዱ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደበረታና በስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ቁጥር 1 ባይት ነው፤ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል፣ መካከሉ 127.5 ነው።

በሰከንድ 2,400,000 ጥንድ ከተቀዳ በሰከንድ 4.8 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 288 ሜጋባይት፣ በሰዓት 17.28 ጊጋባይት ዲስክ ይበላል። በውስጡ አንድ ጣቢያ ብቻ አይደለም ያለው፤ 2.4 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው የኤፍኤም ቁራጭ እንዳለ ገብቷል። የዚያው አንድ ሰዓት ድምፅ በ48,000 ናሙና፣ በ16 ቢትና በሞኖ ሲጻፍ 345.6 ሜጋባይት ነው፤ የጥሬው አንድ ሃምሳኛ ማለት ነው።

ዋናው ችግር ጥሬ ፋይል ስለራሱ አንድም ቃል አለመናገሩ ነው። ቁጥር ብቻ ነው የተደረደረበት። ስለዚህ ቅጂው በተሠራበት ሰዓት አራት ነገሮች ካልተጻፉ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ግምት ይሆናል፦ በሰከንድ ስንት ናሙና እንደተወሰደ፣ ቁጥሮቹ በምን ዓይነት እንደተጻፉ፣ ማዕከሉ (መቀበያው የተስተካከለበት ሞገድ) ስንት ሜጋኸርዝ እንደነበር፣ ቅጂው መቼ እንደጀመረ። «ሲግኤምኤፍ» የሚባለው አሠራር ይህንኑ መረጃ ከቅጂው ጎን በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። እሱ ከከበደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ አራቱን መስመር መጻፍ ይበቃል። ለዚህ የምትሆን አንድ ደቂቃ የሚቆጥቡ ሰዎች በኋላ ቀናት ያባክናሉ።

የቁጥሩ ዓይነት እንደ መሣሪያውና እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። የአርቲኤል ዶንግል የራሱ መቅጃ ምልክት የሌለው 8 ቢት ይጽፋል፤ ከዜሮ በታች የሚወርድ ቁጥር የለውም። ሃክአርኤፍ የተባለው መሣሪያ 8 ቢት ቢሆንም ባለምልክት ነው፤ ዜሮው መሃል ላይ ነው። ጂኪውአርኤክስ የተባለው ፕሮግራም ባለ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ፣ ማለትም ክፍልፋይ የሚይዝ ቁጥር፣ ይጽፋል፤ ደግነቱ ቀኑን፣ ማዕከሉንና የናሙና መጠኑን በፋይሉ ስም ላይ ያሰፍራል። ስሙን ቆርጦ «ቅጂ 1» ብሎ ማስቀመጥ ያን ሁሉ መጣል ነው። ምልክት የሌለውን ፋይል ባለምልክት ብሎ መክፈትም የተለመደ ስህተት ነው፤ 127 እንዳለ ሲቀር 128 ግን 128 ሲቀነስ ሆኖ ይነበባል፤ በመሃል የነበረው ትንሽ እንቅስቃሴ ከጫፍ ጫፍ ዝላይ ይሆንና ጣቢያው በጫጫታ ይዋጣል።

ኤስዲአር ሻርፕና ኤችዲኤስዲአር የተባሉት ፕሮግራሞች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው። የሚጽፉት ፋይል በቅርጹ እውነተኛ ዌቭ ነው፤ ግራው ቻናል «አይ»፣ ቀኙ «ኪው» ነው። ስልክ ሊያጫውተው ሊሞክር ይችላል፤ የሚወጣው ግን ያው ሽሽታ ነው። ዌቭ ዕቃው እንጂ ውስጡ ያለው አይደለም፤ ጠርሙሱ የማር ነው ተብሎ ውስጡ ማር አይሆንም። በሁለቱ ፕሮግራሞች የፋይል ስም ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ ያለችው «ዜድ» ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑን ትናገራለች። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 መቀነስ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠም 12 መቀነስ ነው፦ 18 ሰዓት ዜድ ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጽፍ ግን 3 ይደምራልና 21 ሰዓት ይለዋል። አንድ ማኅደር ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲገኙ የትኛው የጠዋት ዜና፣ የትኛው የማታ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

የናሙና መጠኑ ተረስቶ ቅጂው ስንት ደቂቃ እንደነበር ከታወቀ ማካፈል ይረዳል። ፋይሉ ባለ8 ቢት ከሆነ የባይቱን ብዛት ለ2፣ ውጤቱን ለሰከንዱ ብዛት ማካፈል ነው፤ የ10 ደቂቃ ቅጂ 2,880,000,000 ባይት ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ይመጣል። ዊንዶውስ ይህንኑ ፋይል 2.68 ጊጋባይት ብሎ ስለሚያሳይ ሒሳቡን በሙሉ ባይቱ ይሥሩ። ባለ2.4 ሚሊዮኑ ፋይል 2.048 ሚሊዮን ተብሎ ከተፈታ ደግሞ ንግግሩ ይጎተታል፣ የሴቷ ዜና አንባቢ ድምፅ ይወፍራል፣ 10 ደቂቃው ወደ 11 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይረዝማል። ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዛል።

ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ ያህል ማዕከሉ 100.6 ሜጋኸርዝ፣ መጠኑ 2.4 ሚሊዮን የሆነ ቅጂ እንውሰድ፤ የምንፈልገው ጣቢያ ግን 100.9 ላይ ነው። ጣቢያው መሃል ላይ ያልተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። ብዙ መቀበያዎች በማዕከላቸው ላይ ከራሳቸው የመነጨ ሹል ምልክት ይተዋሉ፤ አር820ቲ በተባለው ማስተካከያ ያላቸው ዶንግሎች ላይ ትንሽ ነው፣ በድሮዎቹ ኢ4000ዎችና በሃክአርኤፍ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል።

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ባይት 127.5 ተቀንሶ ለ127.5 ይካፈላል፤ ቁጥሮቹ ከ1 ሲቀነስ እስከ 1 ባለው መካከል ይወድቃሉ። ቀጥሎ ጣቢያውን ወደ መሃል ማምጣት ነው። 300 ኪሎኸርዝ ወደ ላይ ስለራቀ እያንዳንዱ ጥንድ ወደ ኋላ በሚዞር ቁጥር ይባዛል። 300,000 ለ2,400,000 አንድ ስምንተኛ ነው፤ ስለዚህ በየናሙናው 45 ዲግሪ ይዞራል፣ በ8 ናሙና አንድ ዙር ይሞላል። አቅጣጫው ከተሳሳተ ወይም «አይ» እና «ኪው» ከተቀያየሩ የሚገኘው በ100.9 ምትክ በ100.3 ያለው ይሆናል፤ ባዶ ጫጫታ ወይም ያልታሰበ ሌላ ጣቢያ።

ከዚያ ማጣራት ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ የሚዘለለውም ይኸው ነው። የአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ሞገድ ከመሃሉ በግራም በቀኝም 100 ኪሎኸርዝ ያህል ይይዛል። እስከዚያ የሚያሳልፍ፣ 120 ላይ ሲደርስ ፈጽሞ የሚዘጋ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ከ10 ናሙና አንዱ ብቻ ይቀራል፤ መጠኑ 240,000 ይሆናል። ሳያጣሩ ዝም ብሎ ከ10 አንዱን መምረጥ ጎረቤቶችን ወደ ቤት መጥራት ነው። በ101.3 ላይ ያለ ጣቢያ ከእኛው 400 ኪሎኸርዝ ይርቃል፤ ካልተጣራ ግን ታጥፎ 80 ኪሎኸርዝ አጠገባችን ላይ ይቀመጣል። አንዴ ከተቀላቀለ የሚለየው የለም።

አሁን ኤፍኤሙን መፍታት። በኤፍኤም ድምፁ ያለው ሞገዱ በሚዞርበት ፍጥነት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ናሙናና ከእሱ በፊት ባለው መካከል ስንት ዲግሪ እንደዞረ መለካት ነው። የኤፍኤም ጣቢያ ከመሃሉ ቢበዛ 75 ኪሎኸርዝ ይወዛወዛል። በ240,000 ናሙና ይህ 112.5 ዲግሪ ነው፣ ከ180 በታች ስለሆነ ያለስህተት ይነበባል። ፋይሉ እንዲያንስ ብለው ወደ 120,000 የሚያወርዱ ሰዎች ያው ውዝዋዜ 225 ዲግሪ ይሆንባቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ 135 ዲግሪ ወደ ኋላ ብሎ ያነበዋል። ጮክ ባለ ቁጥር ድምፁ የሚሰነጣጠቅ ቅጂ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከተፈታ በኋላ ያለው ምልክት ገና ድምፅ ብቻ አይደለም። እስከ 15 ኪሎኸርዝ የግራና የቀኝ ድምር አለ፣ 19 ላይ የስቴሪዮ ጠቋሚ ቃና፣ በ38 ዙሪያ የስቴሪዮው ልዩነት፣ ጣቢያው ከተጠቀመበት 57 ላይ የጽሑፍ መረጃ። 15 ላይ የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ከ5 ናሙና አንዱ ይወሰድና 48,000 ይገኛል። ይህም ማጣሪያ ከተዘለለ 38 ኪሎኸርዝ ታጥፎ 10 ላይ ይወድቃል፤ ከሙዚቃው ኋላ የሚያንቋርር ነገር ይሰማል። መጀመሪያ 2.4 ሚሊዮን መምረጥ ለምን እንደሚሻል እዚህ ይገባል፦ ለ10፣ ከዚያ ለ5፣ እንከን የለሽ 48,000። 2.048 ሚሊዮን ግን ለ48,000 ሲካፈል 42.67 ስለሚመጣ ክፍልፋይ መለወጫ ይጠይቃል። ይቻላል፤ ግን ለምን?

የመጨረሻዋ ደረጃ ትንሽ ናት፣ ውጤቷ ግን ይሰማል። ጣቢያዎች ቀጭኑን ድምፅ አጉልተው ነው የሚልኩት፤ ተቀባዩ መልሶ ማውረድ አለበት። የማውረጃው ልክ በአሜሪካ 75 ማይክሮሰከንድ ሲሆን በእኛ በኩል 50 ነው። ጂኤንዩ ሬዲዮ የተባለው ሶፍትዌር የሰፊ ኤፍኤም መቀበያ ክፍል ካልነኩት በ75 ይሠራል፤ ድምፁ የታፈነ ይመስላል። ጨርሶ ከተተወ ደግሞ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ። በእጁ ፕሮግራም ለሚጽፍ፣ በ48,000 ናሙና ላይ ቀመሩ ይህ ነው፦ ያለፈው ውጤት በ0.659፣ አዲሱ ናሙና በ0.341 ተባዝተው ይደመራሉ።

ለመጻፍ ሲዘጋጁ ከፍተኛውን ጫፍ ከሙሉው መጠን 0.7 ላይ ያቁሙት፣ ባለ16 ቢት ባለምልክት ዌቭ አድርገው ይጻፉት። ዶንግሉ ከትክክለኛው ሞገድ ትንሽ ሸርተት ብሎ ከነበረ ድምፁ በሙሉ ከዜሮው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ርካሾቹ ዶንግሎች ሲሞቁ ይንሸራተታሉ፤ በ100.9 ሜጋኸርዝ ላይ የአንድ ሚሊዮን 50 እጅ ስህተት 5 ኪሎኸርዝ ያህል ነው። ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ያስተካክለዋል።

አንድ የማስታወሻ ነገር። የ10 ደቂቃውን ፋይል በአንድ ጊዜ ወደ ተንሳፋፊ ቁጥር መለወጥ 11.52 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ አብዛኛው ላፕቶፕ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። አንድ አንድ ሰከንድ፣ ማለትም 4,800,000 ባይት እየወሰዱ መሥራት ነው። ነገር ግን ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የማጣሪያው ትውስታ፣ የማዞሪያው ዲግሪና የመጨረሻው ናሙና አብረው መሻገር አለባቸው። ካልተሻገሩ በየሰከንዱ «ቋ» የሚል ድምፅ ይገባል። ቁራጩ ጎዶሎ ባይት ከሆነም «አይ» በ«ኪው» ቦታ ይገባል።

ፕሮግራም መጻፍ የማይፈልግ ሰው ሶክስ በተባለው ነፃ መሣሪያ ለጥሬው ፋይል ራስጌ (ዓይነቱንና መጠኑን የሚናገር መግቢያ) ይጨምርለት፦ ምልክት የሌለው 8 ቢት፣ 2 ቻናል፣ መጠን 2,400,000፣ ውጤቱ ዌቭ። ባለ8 ቢት ዌቭ በደንቡ ምልክት የሌለው ስለሆነ አንድ ባይት እንኳ አይቀየርም፤ 44 ባይት ራስጌ ከፊቱ ይቀጠላል እንጂ። ከዚያ በኤስዲአር ሻርፕ እንደ ጥሬ ምንጭ ተከፍቶ፣ ሰፊው ኤፍኤምና 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ተመርጦ፣ ድምፁ ብቻ ይቀዳል። ጉዳቱ ጊዜው ነው፤ የ10 ደቂቃ ቅጂ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ለአጭር ሞገድና ለመካከለኛ ሞገድ ስርጭት አፈታቱ ይቀላል፤ የሞገዱን ቁመት መውሰድ፣ ቋሚውን ክፍል መቀነስ፣ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን መቁረጥ።

መለወጥ የማያድናቸው ነገሮችም አሉ። ጌይኑ (የመቀበያው የማጉያ ልክ) ከልክ በላይ ተከፍቶ ባይቶቹ 0 እና 255 ላይ ከተጨናነቁ ያ መረጃ የለም። የአር820ቲ ከፍተኛ ጌይን 49.6 ዴሲቤል ነው፤ ለከተማ ጣቢያ እዚያ ማድረስ አያስፈልግም፣ ከመቅዳት በፊት የ5 ሰከንድ ሙከራ ወስዶ ጫፎቹን መቁጠር ይሻላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተንጠለጠለ አንቴናም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ክንዱ 71 ሴንቲሜትር የሆነ ዳይፖል፣ ማለትም ባለሁለት ክንድ አንቴና፣ ከመስኮት ውጭ ቢሰቀል ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል። ከታቦርና ከአላሙራ የመሰሉ ኮረብቶች ተንጸባርቆ የሚመለስ ሞገድ ድምፁን ካሻከረው መፍትሔው የአንቴናውን ቦታ መቀየር ነው። ዩኤስቢው ወይም ዲስኩ ሳይደርስ ቀርቶ የጠፋ ናሙናም አይመለስም፤ ድምፁ ይዘላል፣ ርዝመቱም ከሰዓቱ ያጥራል። በ3.2 ሚሊዮን መቅዳት ይህን ይጋብዛል። አንድ ጣቢያ ብቻ ለሚፈልግ ዶንግሉ በ240,000 መቅዳት ይችላል፤ በደቂቃ 28.8 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ፍላሽ ላይ በቀጥታ የሚቀዱ ደግሞ ፎርማቱን ይዩ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በ2.4 ሚሊዮን ይህ 15 ደቂቃ ሊሞላ 5 ሰከንድ ሲቀረው ይደርሳል። ኤክስፋት ይህ ችግር የለበትም። ተራ ዌቭ ግን የትም ቢቀመጥ መጠኑን የሚጽፍበት ቦታ 4 ጊጋባይት ላይ ይሞላል።

መብራት ሲጠፋስ? ራስጌ የሌለው ጥሬ ፋይል እስከተቋረጠበት ድረስ ደህና ነው። ዌቭ ግን ርዝመቱ ራስጌው ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ቅጂው ሲዘጋ ስለሆነ ባዶ መስሎ ይታያል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም «ጥሬ መረጃ ማስገቢያ» በኩል ባለ16 ቢት፣ 2 ቻናል ተብሎ የመጀመሪያዎቹ 44 ባይቶች ሲዘለሉ ውስጡ ይገኛል፤ ከዚያ በኦዳሲቲ ማዳመጥ ሳይሆን በትክክለኛ ራስጌ ማስቀመጥ ነው፣ ያው ገና ያልተፈታ ሞገድ ነውና። የኤችዲኤስዲአር ራስጌ ስለሚረዝም የሚዘለለው ባይት ከ44 ይበልጣል። በ1 ባይት መሳሳት ሁሉን ወደ ጫጫታ ይለውጣል፤ በ2 ባይት መሳሳት «አይ» እና «ኪው»ን ያቀያይራል።

ድምፁን ለማስቀመጥ ፍላክ የተባለውን የፋይል ዓይነት እንመርጣለን፤ ምንም ሳይጥል ያሳንሳል። በቴሌግራም ለመላክ ኦፐስ የተባለው ሌላ ዓይነት በሰከንድ በ32 ኪሎቢት ለንግግር ይበቃል፣ በሰዓት 14.4 ሜጋባይት ነው። ለንግግር ጥናት ሞኖ 16,000 ናሙና በቂ ነው፤ ስቴሪዮ መፍታት በደካማ ምልክት ላይ ጫጫታ ከመጨመር በቀር የሚያመጣው የለም። የተቀዳውን ለሕዝብ ማሰራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶችም መብት ስለሰጠ የጣቢያውን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ጥሬውን ከመደምሰስ በፊት ድምፁን ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንድ አንድ ደቂቃ ያዳምጡ፤ ርዝመቱንም ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ዲስክ ካነሰ ቢያንስ ከጥሬው 1 ደቂቃ፣ 288 ሜጋባይት፣ ከአራቱ መስመር ማስታወሻ ጋር ያስቀሩ፤ ማውረጃው በስህተት 75 ሆኖ እንደነበር ከዓመት በኋላ ቢታወቅ የሚያስተያዩበት ይኖራችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የሬዲዮ ቴክኒክ ሠራተኞች፣ ከሐዋሳ